የሰሜኑ ግድግዳ

ባለፈው ወር ከልጄ ከሂክማ ጋር ደብረ ብርሃን ኮንዶሚኒየም ገባን። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ጉልበቴን ቢፈትነውም ቤቱ ብርሃን አለው፣ ውሃውም ከሞላ ጎደል ይመጣል። ዕቃችን ገና ከማዳበሪያ ሳይወጣ ልጄ መዶሻና ሚስማር ይዛ ከግድግዳ ግድግዳ ትዞር ጀመር። የምርቃት ፎቶዋን በትልቁ አሳጥባ በመስታወት አሠርታዋለች። አራት ግድግዳ እያለ ሄዳ ሄዳ በሰሜን በኩል ያለውን መረጠች።

«እሱ ላይ አይሆንም» አልኳት።

«ለምን እማዬ? ከበር ሲገባ ፊት ለፊት የሚታየው እኮ እሱ ነው!»

«የፈለግሽው ላይ ስቀዪ። እሱን ብቻ ተይልኝ።»

ሶላቴን ወደዚያ ዞሬ ስለምሰግድ መሰላት። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ለእሷም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው። ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ቀይ ሽብር ገና ያልበረደበት ጊዜ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የአሊዩ አምባ ልጅ ነኝ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ እናቴ ሀዋ ናት ማሽላዋን እያረሰች፣ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ እየዋለች አሳድጋ፣ ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ልካ ያስተማረችኝ። ታይፕ ተምሬ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ካፖርት ለበስኩ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ ተጫማሁ፣ ከአሊዩ አምባ መምጣቴን ካልተጠየቅኩ በቀር አልናገርም። ሶላቴንም ተውኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ ቢሮ ውስጥ «ኋላ ቀር» እንዳልባል አፍሬ ነው። እንዲያ ያለች ልጅ ነበርኩ።

አክስቴ ስትሞት ቤት ፈላጊ ሆንኩና ቀበሌውን ደጅ መጥናት ጀመርኩ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በላቸው ይባላል፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ የማይለየው፣ ሲናገር ሰው ሳይሆን ስብሰባ የሚያናግር የሚመስል ሰው ነው። ከብዙ ምልልስ በኋላ ከአንድ ባለሀብት ከተወረሰ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ሰጠኝ። አራት ክፍሎች በተርታ የተሠሩበት ግቢ ነው፤ የእኔ የመጨረሻዋ ነበረች። ሦስተኛዋ ክፍል ውስጥ እትዬ አስካለ ከባላቸው ጋር ይኖራሉ። ባላቸው ቄስ ናቸው፤ ማለዳ የሚደግሙት ዳዊት በጭቃው ግድግዳ አልፎ አልጋዬ ድረስ ይመጣል። እኔ እነሱን ከሰማሁ እነሱም እኔን ይሰማሉ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ደግሞ ጎረቤት የሚሰማው ወሬ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከእትዬ አስካለ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረኝም። ሰላምታዬንም አሳጥረው ነበር።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የማያውቅ ሰው ቢኖር ልንገረው። እንደ እኔ ላለ የቆላ ሰው ቅጣት ነው። የክፍሏ ምርጊት ተሰነጣጥቆ ነፋሱ እንደልቡ ይገባል። ያን ጊዜ ሁሉም የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ከቢሮ አሮጌ ጋዜጣ ተሸክሜ መጣሁ፣ የስንዴ ዱቄት በውሃ አፍልቼ ሙጫ ሠራሁና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ለጠፍኩት። ሦስት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ። የሰሜኑን ግድግዳ ግን ለብቻው አሳመርኩት። ከአንድ መጽሔት መካከል የወጣ የመሪውን ትልቅ ባለቀለም ፎቶ አግኝቼ ነበር፤ ከነሙሉ ወታደራዊ ልብሱ፣ ግማሽ አካሉን። እሱን መሃል ላይ አደረግኩና ዙሪያውን የሠራተኛ፣ የገበሬ፣ የስብሰባ፣ የሰልፍ ፎቶ ሞላሁበት። ወድጄው እንዳይመስላችሁ። ለፍተሻ የሚመጣ ሰው ገና በሩን ሲከፍት እሱን እንዲያይ ነው። ብልጥ ነኝ ብዬ ነበር።

ቤቱ ሲያልቅ እናቴ መጣች። አንኮበርን በእግሯ ወጥታ፣ ከዚያ በጭነት መኪና፣ በትንሽ ጆንያ የማሽላ ዱቄትና ሎሚ ይዛ። በመጀመሪያ የገዛሁትን አልጋ ዳሰሰች፣ መብራቱን አበራች፣ አጠፋች፣ ደግማ አበራች። «አልሐምዱሊላህ! ልጄ ባለ ቤት ሆነች» አለች። ከዚያ የምትሰግድበትን አቅጣጫ ጠየቀችኝ። በጣቴ አሳየኋት። ቀና ብላ ግድግዳውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ሰዓዳ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምንድነው?»

«ጋዜጣ ነው እማዬ። ብርድ እንዳይገባ ነው።»

«ብርዱስ አይገባም። እኔ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተደፍቼ እንዴት እሰግዳለሁ? ለማን ነው የሰገደችው ሊባል ነው?»

«አይንሽን ጨፍነሽ ስገጂ።»

የመለስኩላት ይሄን ነው። ቀልድም ነበረበት፣ ንቀትም ነበረበት። እናቴ መስገጃዋን ይዛ ወጣች። ያን ቀን ውጭ፣ በጓሮ በኩል፣ ብርዱ ላይ መስገጃዋን ዘርግታ ሰገደች። እኔ ደግሞ ጎረቤት አያት አላያት እያልኩ በመስኮት እመለከት ነበር።

በማግስቱ ሐሙስ ቢሮ ገባሁ። ረፋዱ ላይ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ጠጋ ብላ፣ «ዛሬ እናንተ ቀበሌ ፍተሻ አለ፣ ጀምረዋል አሉ» አለችኝ። የምደብቀው ነገር የለኝም። ቢሆንም እናቴ ብቻዋን ናት፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው በር ሲመታ ምን ታውቃለች ብዬ የምሳ ሰዓት ሳይደርስ አስፈቅጄ ወጣሁ። ግቢው ጋ ስደርስ የአብዮት ጠባቂዎቹ የመጀመሪያዋ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ፍራሽ ሲገለበጥ ይሰማል። ጓድ በላቸው ራሱ በር ላይ ቆሟል። ሰላም ብዬው አለፍኩ።

ቤቴን ስከፍት እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ አጠገቧ የሙጫ ጣሳና መቀስ። ፊቷ ያበራል።

«ነይ እስቲ እይው! አላበላሸሁብሽም።»

የሰሜኑን ግድግዳ አየሁት። እናቴ ፊቶቹን በሙሉ ሸፍናቸዋለች። ማንበብ አትችልም፤ ከተረፈው ጋዜጣ ጽሑፍ ያለበትን ብቻ እየለየች፣ በልክ በልኩ እየቆረጠች፣ እያንዳንዱ ጭንቅላት ላይ በጥንቃቄ ለጥፋበታለች። ገበሬው አካል አለው፣ ፊት የለውም። ሰልፈኛው ሁሉ እንደዚያው። መሃል ላይ መሪው ከነማዕረጉና ከነሜዳልያው ቆሟል፤ ከአንገቱ በላይ የጋዜጣ ጽሑፍ ነው።

በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

«እማዬ ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽኝ?»

«ምን አደረግኩ? አልቀደድኩም፣ አልጣልኩም፣ ሸፈንኩ እንጂ። አሁን ዙሁርን እዚሁ እሰግዳለሁ ብዬ...»

«ሊገድሉን ነው! ይሄ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች። አሊዩ አምባም ሬዲዮ አለ። የማታውቀው ደብረ ብርሃን ውስጥ ያን ጊዜ ፎቶ መሸፈን ምን ማለት እንደሆነ ነው። ሁለተኛዋ ክፍል በር ሲንኳኳ ሰማሁ። ካፖርቴን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ወጣሁና በመሪው ፊት ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሬ ያዝኩት።

«ተይ ሰዓዳ፣ አልደረቀም፣ ይቀደዳል» አለች እናቴ።

«ዝም በይ!»

«ውሃ ላምጣ፣ በውሃ ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ተይ ልጄ...»

ሳብኩት። ሙጫው እርጥብ ስለነበር ላዩ ብቻ አልመጣም፤ ከሥሩ የነበረው ፎቶም አብሮ ተላጠ። ጭንቅላቱ በሙሉ፣ ከአንገቱ ጀምሮ፣ እጄ ላይ ቀረ። ግድግዳው ላይ ባለማዕረግ ትከሻ አለ፤ ከሱ በላይ ባዶ ጭቃ።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። እናቴ የሠራችውን ጥያቄ ቢነሳበት ማስረዳት ይቻል ነበር። የመሪውን ራስ ከትከሻው ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

እዚያው አልጋው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ወረቀቱን የት እንደማደርገው አላውቅም። የእትዬ አስካለ በር ተከፈተ፤ «የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነው ጌቶቼ፣ ሌላ ምንም የለም» ሲሉ ይሰማኛል። ቀጥሎ የእኛ ተራ ነው። እናቴ ከመሬት ተነሳች። ቀኝ እጄን ያዘችና ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። እኔም ለቀቅኩላት። ያን ወረቀት ከእጄ ወስዳ በራሷ እጅ ያዘችው፣ እኔን ከአልጋው አወረደችኝና በሩ አጠገብ አቆመችኝ። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንዲት ቃል አልተነጋገርንም።

በሩ ተበረገደ።

ጓድ በላቸው ገና ሲገባ፣ ልክ እኔ እንዳሰብኩት፣ መጀመሪያ ያየው የሰሜኑን ግድግዳ ነው። ሁለቱ አብዮት ጠባቂዎች ከኋላው በሩ ላይ ቆሙ።

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ፣ ወረቀቱን ዘርግታ እያሳየችው።

«ለምን?»

«እኛ ፊት ባለበት አንሰግድም ጌታዬ። ለስግደት ብዬ ሸፈንኩ።»

«የሌላውን ሁሉ ሸፍነሽ የእሱን ለምን ቀደድሽው? የእሱን ብቻ!»

«አጣምሜ ለጥፌው ነበር። ላቃናው ስል አልደረቀም ኖሮ ተላጠ።»

ጓድ በላቸው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ? ይሄ ሁሉ ሲሠራ የት ነበርሽ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ ቀደመች። «እሷማ ቢሮ ነበረች። ካፖርቷን እንኳ እንዳላወለቀች አያዩም?»

እሱ አሁንም እኔን ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ፣ ወላሂ እስከ ዛሬ ይሰማኛል ድምፄ፣ «አሁን ነው የገባሁት» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ያን ቀን ከአፌ የወጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እሱም እውነት ነው። ከዚያ የከፋ ነገር በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም።

እናቴን ወሰዷት። መስገጃዋን እንድትይዝ ለመነቻቸውና ፈቀዱላት። ከግቢው ስትወጣ ዞር ብላ፣ «ጣሳውን እጠቢው፣ ሙጫው ይደርቅብሻል» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተመለስኩ። አዎ፣ ተመለስኩ። ብቀር ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው። ሦስት ደብዳቤ ታይፕ አደረግኩ፣ አንድም ስህተት አልነበረባቸውም። ከሥራ ስወጣ ምግብና ብርድ ልብስ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ዘበኛው ዕቃውን ተቀብሎ እኔን መለሰኝ። ዓርብም እንደዚያው። ዓርብ ዕለት ግን ባዶውን ሳህን ሲመልስልኝ፣ «ነገ ከሰዓት የሚዛወሩ አሉ፣ እናትሽም ሳይኖሩበት አይቀሩም» አለኝ። ከቀበሌ የተዛወረ ሰው የት እንደሚደርስ ማንም አይጠይቅም ነበር። ሳህኑን ይዤ እቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም፤ የተላጠውን ግድግዳ ላለማየት ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌው ሳይከፈት ደጁ ላይ ቆምኩ። ጓድ በላቸው ሲገባ ተከትዬው ገባሁ። አልተቀመጥኩም።

«የቀደድኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «እናቴ ሸፍናው ነበር እንጂ አልቀደደችውም። እኔ ነኝ የላጥኩት። እሷን ልቀቋትና እኔን እሰሩኝ።»

እስክጨርስ አዳመጠኝ። ከዚያ ፈገግ አለ። ጓድ በላቸው ፈገግ ሲል ያን ቀን ነው ያየሁት።

«እናትሽ ነግረውኛል» አለ።

«ምን ብለው?»

«የመጡ ዕለት ነው የነገሩኝ። ‹ልጄ አንጀቷ አይችልም፣ መጥታ እኔ ነኝ ማለቷ አይቀርም፣ እንዳታምኗት› አሉኝ። ቢሮ እንደነበርሽ ደግሞ እኔም አውቃለሁ፤ ስትገቢ ሰላም ብለሽኝ አይደል? ሂጂ፣ ሥራ አታስፈቺን።»

«ጓድ፣ እውነቴን ነው...»

«ሂጂ ብያለሁ!»

እናቴ ገና ከቤቴ ሳትርቅ፣ እኔ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ አንድ ቀን የወንድ ልብ አግኝቼ እንደምመጣ አስባ በሩን ዘግታብኝ ነበር። እኔ ስለ ራሴ ያላመንኩትን እሷ አምናልኝ ነበር።

ግቢ ስመለስ እትዬ አስካለ ደጃቸው ላይ ስንዴ ይለቅማሉ። ሁልጊዜ ሰላምታ የማሳጥርባቸው እኚያ ሴት እግር ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምን ሆንሽ አላሉኝም። ሰፌዱን አስቀመጡና ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ተነሺ ልጄ፣ እንሂድ» አሉ።

«እትዬ፣ እርስዎን ደግሞ ጣጣ ውስጥ...»

«ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሁሉም ይሰማል» አሉኝ። ዓይኔን እያዩ ነው። «ተይ አልደረቀም ይቀደዳል ሲባልም ይሰማል። ተነሺ አልኩሽ።»

ያወቁትን አወቅኩ። ሐሙስ ዕለት ጓድ በላቸው ከእኛ ቤት ሲወጣ እሳቸው ደጃፉ ላይ ነበሩ። አልተናገሩም።

ቀበሌ እንደደረስን እትዬ አስካለ ሳይጠየቁ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጓድ በላቸው በልጅነቱ ባላቸው ዘንድ ፊደል የቆጠረ ነው፤ ይሄን እኔ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

«እንደምን አደርክ በላቸው?»

«ደህና ነኝ... እንደምን አደሩ?» አለ፣ ጓድነቱ ትንሽ ላላ ብሎ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። በኛ ቤት የቅዱስ ሥዕል እንዴት ነው የሚቀመጥ?»

«እንዴት ማለት?»

«ድሮ ስታየው እንዴት ነበር?»

ትንሽ አሰበ። «በመጋረጃ።»

«ተሸፍኖ። የተናቀ ነው ወይስ የተከበረ?»

«የተከበረ።»

«የተከበረ ፊት ጭስና አቧራ እንዳያርፍበት፣ አይን እንዳይለምደው ይሸፈናል። ሴትዮዋ ቆላ አገር ያደጉ ባላገር ናቸው፣ መጋረጃ ቢያጡ በወረቀት ሸፈኑ። ሙጫ ወረቀት ላጠ ብለህ እናት ታዛውራለህ? እኔ ዋስ ነኝ። አምጣና ልፈርም።»

እናቴ የሸፈነችው ለክብር አልነበረም። እትዬ አስካለም ይሄን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ጓድ በላቸውም ያወቀ ይመስለኛል። ግን እትዬ አስካለ ለሱ የሚወጣበት በር ከፍተውለታል፤ ተሳሳትኩ ሳይል፣ ፈራሁም ሳይል፣ በክብር የሚወጣበት። ከዚያ ወረቀት ሳበ።

«አዲስ ፎቶ ተገዝቶ፣ በመስታወት ተሠርቶ ይሰቀላል። መጥቼ አያለሁ» አለኝ። እትዬ አስካለ በጣታቸው ፈረሙ።

እናቴ ስትወጣ ከንፈሯ በብርድ ተሰነጣጥቋል፣ ብርድ ልብሱን ለአንዲት አራስ ሰጥታ ነው የወጣችው። መስገጃዋን ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች። እትዬ አስካለን አቅፋ፣ «አላህ ልጆችዎን ያቁምልዎ» አለቻቸው። እሳቸውም «አሜን፣ የእርስዎንም» አሉ። ልጅ እንዳልነበራቸው እናቴ አታውቅም ነበር።

መንገድ ላይ ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። ሁሌም እንደቀደመችኝ ነው።

«ለእኔ ብለሽ እንዳታዝኚ» አለች። «እዚያ ግድግዳው ባዶ ነው። አንድም ሶላት አላጎደልኩም።»

ደግሞም ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

እሁድ ማለዳ ወደ አገሯ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት የሰሜኑን ግድግዳ ጋዜጣ በሙሉ፣ በውሃ እያራስኩ፣ ቀስ ብዬ ላጥኩት። ነፋሱ እንደ ድሮው ገባ። እናቴ ያን ባዶ ጭቃ ፊት ለፊት አድርጋ ሱብሂን ሰገደች፤ እኔም ከብዙ ዓመት በኋላ ከጎኗ ቆምኩ። የተገዛውን ፎቶ በደቡቡ ግድግዳ ሰቀልኩት። ጓድ በላቸው መጥቶ አየና ሳይናገር ሄደ። ያን ክፍል እስክለቅ ድረስ የሰሜኑን ግድግዳ አልለጠፍኩትም፤ ክረምቱን በብርድ ነው የከረምኩት።

አንባቢዎቼ፣ «ልጅ ነበርሽ፣ ዘመኑ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ። ግን ዘመኑ እጄን አልያዘም። ጣቶቼን የከፈተቻቸው እናቴ ናት፣ እንዲከፈቱ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው በእኔ ፋንታ ሲናገር ዝም ብዬ አላውቅም፤ በዚህ ምክንያት ከሥራ ተባርሬ አውቃለሁ፣ ከዘመድ ተጣልቼም አውቃለሁ። ጎረቤትም ሰላም ሳልል አላልፍም። እናቴ ደርግ ከወደቀ በኋላ አሊዩ አምባ ውስጥ ሞተች፤ ያን ሐሙስ እኔም እሷም አንስተነው አናውቅም። ይቅር በይኝ ለማለት በሄድኩ ቁጥር ወሬውን ወደ ማሽላው ትመልሰዋለች።

ትናንት ማታ ይሄን ጽፌ ለሂክማ አነበብኩላት። መዶሻዋን ከመስኮቱ ላይ አንስታ ወደ መሳቢያው መለሰችው፤ ፎቶዋን ሳትሰቅለው እስካሁን ወንበር ላይ ተደግፏል።

ያን ጠዋት ቀበሌ ሄጄ እውነቱን ስናገር ያመነኝ ሰው አልነበረም። እናቴ አስቀድማ እንዳያምኑኝ ነግራቸው ነበር። እናንተ ዘንድ ግን አልቀደመችኝምና እመኑኝ። እሷ ሸፈነችው እንጂ አልቀደደችውም። የላጥኩት እኔ ነኝ።